የታኅሣሥ እጆች

ታኅሣሥ በቤታችን የእጅ ወር ነበረ።

ዘመኑ 1990 ዓ.ም አካባቢ፣ ቦታው ወላይታ ሶዶ፣ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ነው። እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነኝ። ኅዳር አልቆ ታኅሣሥ ሲጠባ እናቴ የገናን የእጅ ሥራ ሁሉ በአንድ ጊዜ ትጀምረዋለች። ለቴሌቪዥኑና ለራዲዮኑ ማልበሻ ዳንቴል፤ ለታናሽ ወንድሜ ሹራብ፤ ለትራስ ልብስ ጥልፍ፤ ለአባቴ ጋቢ ደግሞ ከመስከረም ጀምራ የምትፈትለው፣ ሁልጊዜም ጥቂት ልቃቂት የሚጎድለው ማግ። አምስተኛም ሥራ ነበራት። ያረጁ ልብሶቻችንን እየቀደደች፣ ደህናውን ከደህናው እየቀጠለች፣ እኛ ልጆቹ የምንለብሰው የሌሊት ልብስ ትሰፋ ነበር። አራቱን ሥራዎች እንግዳ ሲመጣ ታሳያለች። አምስተኛውን ግን የበር መንኳኳት እንደ ሰማች አልጋ ሥር ትወረውረዋለች። ስሙ ድሪቶ ነዋ!

ይህን ሁሉ አንዲት ሴት እንዴት ታደርሰዋለች የሚል ቢኖር፣ ምሥጢሩ ብርሃንን ማወቅ ነው እላለሁ። ጥልፍ የፀሐይ ብርሃን ይፈልጋል፤ የክር ቀለም በአምፖል ያታልላልና። ስለዚህ ጥልፉ የቀትር ሥራ ነው፤ በር ላይ ተቀምጦ። ዳንቴል ዓይኑ እየተቆጠረ ስለሚሠራ ጸጥታ ይሻል፤ ስለዚህ ልጆች ከተኙ በኋላ። እንዝርት ጨዋታ ይወዳል፤ እሱ ጎረቤት ለቡና ሲሰበሰብ ይወጣል። ሹራቡ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ነው። ጣቶቿ መንገዱን ያውቁታል፤ ከከሰሉ ፍም በቀር ሌላ ብርሃን አያሻቸውም። ይህ ጥበብ ግን አንዳንዴ ዋጋ ያስከፍል ነበር። አንድ ዓመት መብራት ደጋግሞ ጠፍቶ ወንድሜ አንደኛው እጅጌው ከሌላው ሁለት ጣት የሚበልጥ ሹራብ ለብሶ ገናን አከበረ። ሲያለቅስ እናቴ ያለችው «ዝም በል፤ ታድጋለህ» ብቻ ነው።

ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ቃላትን መመርመር ልማድ ሲሆንብኝ፣ እነዚያ የእናቴ ሥራዎች በስማቸው ብቻ ሁለት ወገን መሆናቸውን አስተዋልሁ። ዳንቴል ከፈረንሳይኛ የመጣ ቃል ነው፤ የምትሠራበት ኪሮሽም እንደዚሁ። ሹራብ መንገዱ በዐረብኛ በኩል ነው፤ በዚያ ቋንቋ የእግር ልብስ ነበረ፤ እኛ ዘንድ ደርሶ ደረት ላይ ወጣ። ለእግር የቀረውን ስፍራ ካልሲ ብለን ለጣልያንኛ ሰጠነው። እነዚህ ስሞች በንግድ፣ በትምህርት ቤት፣ በሚስዮንና በወረራ የገቡ እንግዶች ናቸው። እንዝርት፣ ደጋን፣ ልቃቂት፣ ድር፣ ማግ፣ መወርወሪያ፣ ጥለት ግን የቤት ልጆች ናቸው። ማንም እንግዳ መጥቶ አላስተማረንም። እንግዳውን ግን ሳሎን አስቀመጥነው። የቤቱን ልጅ ምን እንዳደረግነው ወደ ኋላ እናያለን።

እናቴን ሰፈሩ ሁሉ «ባለሙያ» ይላት ነበር። በአማርኛ ለሴት ከሚሰጡ ምስጋናዎች ይህ ከፍተኛው ነው። ዳንቴሏን ያየ ሰው «እጅሽ ይባረክ» ሳይል አይወጣም።

የፈተለችው ማግ ግን በቤታችን ጋቢ አይሆንም። አጥሩን ተሻግሮ ወደ ጎረቤታችን ወደ ሸማኔው ጋሼ ይሄዳል። ጋሼ ከቤቱ ጓሮ በሣር በተከደነ ዳስ ሥር እግሮቹን ጉድጓድ ውስጥ ሰድዶ ይቀመጣል። በእግሩ እየረገጠ ድሩን ይከፍታል፤ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይሰድዳል፤ ማጉን መትቶ ያጠብቃል። የጨርቁ ስፋት ክንዱ ያለ ችግር ከሚወረውረው አይበልጥም። ጋቢ የምንለውም እንዲህ ያለ ጠባብ ጨርቅ ጎን ለጎን ተሰፍቶ፣ አራት እጥፍ ሆኖ የሚደረብ ነው፤ ነጠላ ሁለት እጥፍ ነው። አንድ ጋቢ ትከሻችን ላይ ሲያርፍ ስንት ሺህ ጊዜ የተወረወረ መወርወሪያ እንደ ተሸከምን የምናስብ ጥቂቶች ነን።

ሸማኔን ሰው በዓመት ሁለት ጊዜ አጥብቆ ይፈልገዋል። አንደኛው በመስከረም ነው፤ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታና መስቀል ተከታትለው ሲመጡ። ያኔ ከተማው ሁሉ ጥቁር፣ ቀይና ቢጫ በሆነው ዱንጉዛ ይደምቃል፤ «ዮዮ ጊፋታ» የማይል አፍ አይኖርም። ሁለተኛው ታኅሣሥ ነው። ገና ታኅሣሥ 29 ሲውል ጥምቀት ጥር 11 ነው፤ በመካከሉ ያለው አሥራ ሁለት ቀን ብቻ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ተረት ለለባሹ ቀልድ ነው። ለሸማኔው ግን ቀነ ገደብ ነው። ቀሚሱ ከጥር 11 ካለፈ ይበጣጠሳል የተባለው የእሱ ድካም ነውና።

በነዚያ የታኅሣሥ ሌሊቶች እናቴ ዳንቴሏን ይዛ ስታመሽ ከአጥሩ ወዲያ የጋሼ መወርወሪያ ይሰማ ነበር። ሁለት እጆች፣ አንድ ሌሊት፣ አንድ በዓል። እናቴ የምትሠራው ለእኛ ነው፤ እሱ የሚሠራው ለሰፈሩ ሁሉ። በበዓሉ ቀን እኛ አዲስ ለበስን። የሸማኔው ልጆች ግን ያምናውን ለበሱ፤ ለእነርሱ የሚሆን ሌሊት አልተረፈማ!

የጋሼ ትልቁ ልጅ እኩያዬ ነበር። በአንድ የገና ዋዜማ ከቁጥቋጦ ጎባጣ ዱላ ቆርጠን፣ ጫፉን ልጠን፣ ገና ስንጫወት አሸነፈኝ። እኔም የተሸነፈ ልጅ የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ስድብ ፈለግሁ። ስድቡ ሩቅ አልነበረም፤ ከትልልቅ ሰዎች አፍ ሰምቼው፣ ትርጉሙን ሳላውቅ፣ ተዘጋጅቶ ይጠብቀኝ ነበር። «ቁጢት በጣሽ!» አልሁት። እሱ አልመለሰልኝም። ዱላውን ጥሎ ወደ ቤቱ ገባ።

እናቴ በር ላይ ሆና ሰምታኛለች። አልመታችኝም። ጠርታ አስቀመጠችኝና እንዝርቱን በእጄ አስያዘችኝ፤ «ፍተል» አለች። ጥጡን ሳብሁት፤ ተበጠሰ። ደግሜ ሳብሁት፤ ተበጠሰ። ሲመሽ አንድ ክንድ የሚሆን ክር እንኳ አልወጣልኝም። ከዚያ እንዝርቱን ተቀብላኝ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦

«ይኼ በእኔ እጅ ሲሆን ሙያ ነው። በጋሼ እጅ ሲሆን ስድብ የሚሆነው ለምንድን ነው? እስቲ ንገረኝ።»

መልስ አልነበረኝም። መልሱን መፈለግ የጀመርሁት ጎልምሼ ነው፤ ያገኘሁትንም ከዚህ በታች አቀርባለሁ።

መጀመሪያ የተገናኘሁት ከራሱ ከቋንቋው ጋር ነው። በቀሚስ ጠርዝ ላይ የሚሠራውን ጌጥ «ጥበብ» እንለዋለን። ማስተዋልንም፣ ኪነትንም፣ የሰሎሞንንም እውቀት የምንጠራው በዚሁ ቃል ነው። ብረት ሠሪውን የሰደብንበት «ጠይብ» የተባለው ቃልም «ጠቢብ» ከሚለው የወጣ ነው። ይህን ባወቅሁ ቀን ደነገጥሁ። ቋንቋው ለባለ እጁ የሰጠው ስም የሊቅ ስም ነበረ፤ አፋችን ላይ ሲመላለስ ግን ስድብ ሆነ። አክብሮትን ወደ ንቀት ለመለወጥ አንዲት ፊደል ማለስለስ በቃን።

ቀጥሎ ያገኘሁት ምክንያት መሬት ነው። በቀድሞው ሥርዓት ክብር የሚቀዳው ከሦስት ምንጭ ነበር፤ ከርስት፣ ከጦርና ከክህነት። ባለ እጁ ከሦስቱም ራቅ ያለ ነው። የሚኖረው በጣቶቹ ነው፤ ጣቱንም ሸጦ እንደሚበላ ተቆጠረ። በዚህ ላይ ፍርሃት ተጨመረበት። አፈርን ድስት፣ ድንጋይን ማረሻ የሚያደርግ ሰው ሌላም ነገር ያደርጋል ተብሎ ተጠረጠረ፤ ቡዳ ተባለ። እናቴ ግን የምትፈትለው ለባሏና ለልጆቿ ነው፤ አትሸጠውም። ስለዚህ የእሷ ሙያ ሆነ። ልዩነቱ ከሥራው አይደለም። ሥራው ለገበያ ሲወጣ ነው ስሙ የሚለወጠው።

ይህ የሰሜኑ ሰው ብቻ ነውር ነው ብሎ ማምለጥም አይቻልም። በእኛም በወላይታ ዎጋቼ የተባሉት ብረት ቀጥቃጮች፣ ደጋላ የተባሉት ቆዳ ፋቂዎች፣ ጪናሻ የተባሉት ሸክላ ሠሪዎች በዘር የተለዩ ወገኖች ነበሩ። ከእነርሱ ጋር ጋብቻ አይታሰብም፤ ማዕድም አይጋራም። በምሠራበት የባንክ መስኮት ሆኜ ብዙ ጊዜ የማስበው አንድ ነገር አለ። የወላይታ መንግሥት ማርጩዋ የተባለ ከብረት የተቀጠቀጠ የራሱ መገበያያ ነበረው። ገንዘቡን የቀጠቀጠው እጅ የማን ነበር? ሁሉ የሚፈልገውን ነገር የሠራ፣ ማንም ከጎኑ መብላት የማይፈልግ ሰው!

ከዚያ 1887 ዓ.ም መጣ። በዚያ ዓመት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ የዐፄ ምኒልክ ጦር ወላይታን ወጋ። ካዎ ጦና በብርቱ ከተከላከሉ በኋላ ቆስለው ተማረኩ፤ የመጨረሻው የወላይታ ንጉሥም እርሳቸው ሆኑ። ቫንደርሃይም የተባለ ፈረንሳዊ ከዘማቹ ጋር ተጉዞ ያየውን እልቂትና የተነዳውን ምርኮ በመጽሐፍ አሳትሞታል። እንግዲህ የዚያ ዓመት የገና ሰሞን በወላይታ የልብስ መሥሪያ ወቅት አልነበረም። ከፈታዩም፣ ከሸማኔውም፣ ከቀጥቃጩም ወገን ስንቱ ወደ ሰሜን እንደ ተነዳ ማን ይቈጥረዋል? የእጅ ጥበብ ከአባት ወደ ልጅ የሚሄድ ነገር ነው፤ አባትና ልጅ ከተለያዩ መንገድ ላይ ይበጠሳል።

ታሪክ ግን አንድ መልክ ብቻ ያለው ሰው አይሰጠንም። እኒሁ ዐፄ ምኒልክ ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1900 ዓ.ም፣ ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጡ። አዋጁ ስድቦቹን አንድ በአንድ ይጠራቸዋል፤ ብረት ሠሪውን ምን እንደምንለው፣ ሸማ ሠሪውን ምን እንደምንለው፣ ጸሐፊውን ሳይቀር ምን ብለን እንደምናጥላላው። ሰው ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን መወለዱን ያስታውሳል። ሠራተኛውን የሰደበ ንጉሡን እንደ ሰደበ ይቈጠራል፤ ይታሠራልም ይላል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ እኔ በገና ዋዜማ የጮህሁት ቃል እዚያ ውስጥ አለ። ልጅ ሆኜ በአንድ ዱላ ጨዋታ ምክንያት የንጉሠ ነገሥቱን አዋጅ ጥሻለሁ፤ ዘጠና ዓመት ዘግይቼ።

አዋጅ ስድብን ከአደባባይ ሊያስወጣ ይችላል፤ ከጓዳ ግን በቀላሉ አያስወጣም። በየካቲት 1967 ዓ.ም የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ በጉልበቱ ሊያርስ ለፈቀደ ሁሉ መሬት ሲፈቅድ፣ ከባለ እጁ ላይ አንዱን የንቀት ምክንያት አነሣ። በደርግ ዘመን ሸማኔዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጁ፤ «የእጅ ጥበብ ባለሙያ» የሚል የክብር ስምም ተሰጣቸው። ስሙ በማኅተም ላይ ሰፈረ። ስድቡ ግን በእኔ ዘመን የአሥር ዓመት ልጅ አፍ ውስጥ ገና ሕያው ነበረ። ከአዋጅ ይልቅ ረጅም ዕድሜ ያለው የወላጅ አፍ ነው።

አልጋ ሥር ወደ ተጣለው ወደ ድሪቶው ልመለስ። በአማርኛ ድሪቶ የድህነት ስም ነው። እኛ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ሳንቀር የተጠላ ጽሑፍን «የቃላት ድሪቶ» እንለዋለን። በሌላው ዓለም ግን ይኸው ሥራ ሌላ ዕድል ገጥሞታል። በአሜሪካ፣ በአላባማ ግዛት፣ ጊስ ቤንድ የሚባል መንደር አለ። ነዋሪዎቹ በባርነት የጥጥ እርሻ ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ዘሮች ናቸው። ሴቶቹ ከተቀደደ የሥራ ሱሪና ከአሮጌ ሸሚዝ ቁራጭ እየቀጠሉ ልጆቻቸውን ከብርድ የሚያድኑበት ልብስ ይሰፉ ነበር፤ በእኛ ቋንቋ ድሪቶ። በ2002 እ.ኤ.አ. እነዚያ ልብሶች በሂዩስተን፣ ቀጥሎም በኒው ዮርክ በታላላቅ ሙዚየሞች ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ፤ ሰውም እንደ ሥዕል ቆሞ አያቸው። በ2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአገሪቱ ፖስታ ቴምብር ሆኑ።

ይህን ለእናቴ ስነግራት ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች፤ ከዚያ «የእኔን ለአይጥ ሰጠሁት» ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ ቆመ። የእሷም የአላባማዎቹም ሥራ አንድ ነበረ። የተለየው ያየው ዓይን ነው።

ያ ልጅ፣ የጋሼ ልጅ፣ ከዚያ ገና በኋላ ብዙ አልቆየም። አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነው የሩቅ ዘመድ ነኝ ያለ ሰው መጣ። አዲስ አበባ እንደሚወስደው፣ ትምህርት ቤት እንደሚያስገባው፣ ከትምህርት መልስ ሽመና ቢያግዘው እንደሚበቃ ለአባቱ ነገረ። በዚያ ክረምት ጋሼ ታምሞ ነበር፤ ቤቱም ተቸግሯል። ልጁ ሄደ። ያረፈው በእንጦጦ ግርጌ፣ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ነው። ከጋሞና ከወላይታ የሄዱ ሸማኔዎች የሰፈሩበት፣ የአገሪቱ የበዓል ልብስ የሚሸጥበት ሰፈር ነው። ትምህርት ቤቱን አላየውም። ያየው ጉድጓዱን ነው፤ እግሩ መርገጫው ላይ በደንብ ሳይደርስ።

ይህ የእርሱ ብቻ ታሪክ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍሁት። ከወላይታና ከጋሞ የሚወሰዱ ልጆች ነገር በተደጋጋሚ የተጠናና የተነገረ ነው። በጊዜው የነበረው የ1985ቱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 42 ከ14 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክል ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ዕድሜውን ወደ 15 ከፍ አድርጎታል። ነገር ግን የሽመና ጉድጓድ ያለው በፋብሪካ ግቢ አይደለም፤ በሰው ቤት ጓዳ ነው። ልጁም «ሠራተኛ» አይባልም፤ «የዘመድ ልጅ» ይባላል። እዚህ ላይ ደግሞ ያው የስም ነገር ተመልሶ ይመጣል። የእናቴን ሥራ ሙያ ያሰኘው «ለቤተሰብ ነው» የሚለው ቃል፣ የእርሱን ልፋት ደመወዝ አልባ አደረገው።

ዛሬ ሶዶ ያቺ ከተማ አይደለችም። ዩኒቨርሲቲ አላት፤ በ2015 ዓ.ም ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት መቀመጫው ሆናለች። እኔም ባንክ ቤት ተቀጥሬ ከመስኮት ጀርባ እቀመጣለሁ። ታኅሣሥ ሲደርስ ሰልፉ ይረዝማል። ከአዲስ አበባ ልጆቻቸው የላኩላቸውን የበዓል ገንዘብ የሚያወጡ እናቶች ይበዛሉ። ከእነርሱ አንዷ የጋሼ ሚስት ናቸው። «ሳሮ፣ ልጄ» ይሉኛል፤ «ሳሮ፣ እማማ» እላለሁ። ብሩን ቆጥሬ እሰጣቸዋለሁ። አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ይፈርማሉ። ጋሼ ካረፈ ቆይቷል፤ በጓሮው ያለው ጉድጓድ ተደፍኖ ጎመን በቅሎበታል።

እኔ ግጥም እሞክራለሁ። ደብተሬን ሳገላብጥ «ድርና ማግ» የሚለው ሐረግ ከሃያ በማያንስ ስፍራ አለ። ፍቅርን ድርና ማግ ብዬዋለሁ፤ አገርን ብዬዋለሁ፤ ሞትን ሳይቀር። በሸማኔ ጉድጓድ ግን አንድ ቀን ተቀምጬ አላውቅም። ከባለ እጁ ቃሉን ወስጄ ስሙን አልጠራሁለትም።

ሁለት ዓመት ይሆናል፤ በመስቀል ሰሞን የጋሼ ልጅ ራሱ መስኮቴ ፊት ቆመ። ለጊፋታ እናቱን ሊጠይቅ መጥቶ ነው። ሰላም ተባባልን፤ ተሳሳምን። አሁን ሽሮ ሜዳ አካባቢ የራሱ ሁለት ዕቃ አለው፤ በአንዱ እሱ፣ በሌላው ትልቅ ሰው ይሠራል። «ልጅ አላስቀምጥም» አለኝ፤ እኔ ሳልጠይቀው። ሥራው ግን ከብዶታል። ከውጭ የሚመጣው፣ ጥበቡ በቀለም የታተመበት ጨርቅ ገበያውን እያጣበበበት ነው። ከሩቅ ያየው ሰው አይለየውም፤ ዋጋው ግን ይለያል።

እናቴ ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ኪሮሹንም መርፌውንም ትታለች። የቀራት እንዝርት ብቻ ነው፤ እርሱ ዓይን ብዙ አይፈልግም። ለዓመታት ያጠራቀመችውን ልቃቂት በከረጢት ሰጥታኝ ነበርና ጋቢ እንዲያደርግልኝ ለእሱ አቀረብሁለት። አንዱን ልቃቂት አንሥቶ ክሩን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል አሸት አሸት አደረገው።

«የእናትህ ነው» አለ።

«እንዴት አወቅህ?»

«ማግ የማጠነጥነው እኔ አልነበርሁ? አባዬ ሲሠራ፣ ማታ ማታ። የእሷ ክር አይበጠስም፤ እጄን አያስቸግረኝም ነበር። የእሷ ተራ ሲደርስ ደስ ይለኝ ነበር።»

እንግዲህ ልብ በሉ። እኔ አዲስ ልብስ እየጠበቅሁ በተኛሁባቸው የታኅሣሥ ሌሊቶች፣ ያ እኩያዬ ልጅ ከአጥሩ ወዲያ የእናቴን ክር ሲያጠነጥን ያመሽ ነበር። የአባቴ ጋቢ የሁለት እጅ ሥራ አልነበረም፤ የሦስት ነበር። ሦስተኛው እጅ የአሥር ዓመት ልጅ እጅ ነው፤ እኔም የሰደብሁት እሱን ነው።

«ለገና ይደርስልኛል?» አልሁት።

«ለገና የሚሆን ሥራ በክረምት ነው የሚታዘዝ» ብሎ ሳቀ። «ግን አደርስልሃለሁ።»

አደረሰልኝም፤ በታኅሣሥ መጨረሻ ለእናቱ በዓል ሲያደርግ ይዞልኝ መጣ። ጋቢው ነጭ ነው፤ ጠርዙ ላይ ቀጭን የዱንጉዛ ቀለም ጥሎበታል፤ ያላዘዝሁትን። ዋጋውን ጠየቅሁት፤ ነገረኝ። አፌም ከልማድ «አይቀንስም?» አለ። ቃሉ ከወጣ በኋላ የራሴን ድምፅ ሰማሁት። ቀን ሙሉ የሰው ገንዘብ ሳንቲም ሳላጎድል የምቈጥር ሰው ነኝ፤ የባንኩን ወለድ «ይቀንስ» ያለኝ ደንበኛ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። የእጅ ሥራ ፊት ስንቆም ግን ሁላችንም ዋጋ መስበር መብታችን ይመስለናል። ስድቡ አልሞተም፤ ጨዋ ቋንቋ ተምሯል እንጂ።

ብሩን ሳይጎድል ሰጠሁት። ከዚያ ለሃያ አምስት ዓመት የተሸከምሁትን ልናገር ተነሣሁ። ይቅርታ መጠየቅ ከግጥም ይከብዳል።

«ያኔ፣ በልጅነታችን፣ ገና ስንጫወት… የሰደብሁህ…»

ቀና ብሎ አየኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ከልቡ ለማስታወስ የሚሞክር ሰው ፊት ነበር።

«የቱን?» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ሌላ መልስ አላስፈለገኝም። ከእናቴ ጥያቄ ጀምሮ የፈለግሁት ታሪክ ሁሉ፣ ከአዋጁም ከመዝገቡም ይልቅ፣ በዚያች አንዲት ቃል ውስጥ ነበረ። እኔ የሕይወቴ ትልቅ በደል አድርጌ የያዝሁት ለእሱ ከብዙዎቹ አንዱ ነበር፤ ለይቶም አላስቀመጠውም።

ይህን የምጽፈው ያንኑ ጋቢ ደርቤ ነው። እናቴ ከጎኔ እንዝርቷን ታሾራለች፤ ለማን እንደምትፈትል ስጠይቃት «ለገና ነዋ» ትላለች። እናንተም የበዓል ልብሳችሁን ስትለብሱ ጥለቱን በጣታችሁ ዳሰስ አድርጉት፤ የሠራውንም ሰው ስሙን ጠይቁ፤ ዋጋውንም ሳትቀንሱ ክፈሉ።